የአዲሱ አሰልጣኝ ዋጋ ውሉ ላይ አይጻፍም

በማርች 2020 መጀመሪያ የፖርቱጋሉ ስፖርቲንግ ሊዝበን ደጋፊውን ግራ ያጋባ ነገር አደረገ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የክለቡ ካዝና ሳስቷል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሜይ 2018፣ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች አልኮሼት የሚገኘውን የልምምድ ማዕከል ጥሰው ገብተው ተጫዋቾቹን ደብድበዋል። ከዚያ በኋላ ሩይ ፓትሪሲዮ፣ ዊሊያም ካርቫልዮ፣ ራፋኤል ሌያኦና ሌሎችም ውላቸውን አፍርሰው ሄደዋል። ቡድኑን በጫንቃው ተሸክሞ የቆየው ብሩኖ ፈርናንዴዝም በጃንዋሪ 2020 መጨረሻ በ55 ሚሊዮን ዩሮ መነሻ ዋጋ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሄደ። ደጋፊው በብሩኖ ገንዘብ ማን ይመጣ ይሆን እያለ ሲጠባበቅ ክለቡ 10 ሚሊዮን ዩሮ የውል ማፍረሻ ከፍሎ አሰልጣኝ ገዛ። ሩበን አሞሪም ያኔ የ35 ዓመት ሰው ነው። ስፖርቲንግ ከብራጋ ሲወስደው ያንን ቡድን የመራው ለ13 ጨዋታ ብቻ ነበር።

አራት ዓመት ከምናምን አለፈና በኖቬምበር 2024 ማንቸስተር ዩናይትድ ይህንኑ ሰው ለመውሰድ ለስፖርቲንግ 11 ሚሊዮን ዩሮ ከፈለ። ሰውየው ያው ነው፣ በሦስት ተከላካይ የሚጀምረው አሰላለፉም ያው ነው፣ ዋጋውም ቢሆን በአንድ ሚሊዮን ዩሮ ብቻ ነው የሚለየው። ስፖርቲንግ በእሱ ዘመን ዋንጫም ገንዘብም ሰበሰበ። ዩናይትድ በእሱ ዘመን ደረጃውም የአውሮፓ ውድድር ገቢውም ተጎዳ፤ በመጨረሻም ውሉ ሳያልቅ አሰናበተው።

ችግር ውስጥ ያለ ክለብ አዲስ አሰልጣኝ ሲቀጥር ዘገባው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ሁለት ቁጥሮች ነው። ተሰናባቹ ስንት ካሳ ወሰደ? መጪው ስንት ይከፈለዋል? ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ግን ዋናው ሒሳብ እነሱ ጋ የለም። አሰልጣኝ ውድ ወይም ርካሽ የሚሆነው እሱ በሚፈልገው አጨዋወትና ክለቡ አስቀድሞ በገዛቸው ተጫዋቾች መካከል ባለው ርቀት ነው። ይህ ርቀት በየትኛውም ውል ላይ አይጻፍም። የሚታየው ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ አሰልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ ሄዷል።

ሲሻር የሚበላው

እስቲ መጀመሪያ የሚታየውን ወጪ እንየው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በእግር ኳስ ተገልብጦ ነው የሚሠራው፤ አሰልጣኙ ዋናውን የሚበላው ሲሻር ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ በዲሴምበር 2018 ጆዜ ሞሪንሆንና ረዳቶቹን ሲያሰናብት 19.6 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቶበታል። ቼልሲ አንቶኒዮ ኮንቴን በማባረሩ፣ የፍርድ ቤቱን ጣጣ ጨምሮ፣ 26.6 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሏል። ኤሪክ ቴን ሃግና ረዳቶቹ በኦክቶበር 2024 ከዩናይትድ ሜዳ ከኦልድ ትራፎርድ ሲወጡ የክለቡ መዝገብ ላይ ያረፈው 10.4 ሚሊዮን ፓውንድ ነው።

የቴን ሃግ ነገር ጠጋ ብለው ሲያዩት ያስቃልም ያሳዝናልም። በሜይ 2024 ቡድኑ ማንቸስተር ሲቲን 2ለ1 አሸንፎ ኤፍኤ ካፕን ወሰደ። በጁላይ ክለቡ የአሰልጣኙን ውል እስከ 2026 አራዘመ። በዚያው ወር 250 ሠራተኞች እንደሚቀነሱ ተነገረ። ከዚያ አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 28፣ ውሉ የተራዘመለት ሰው ከሥራ ወጣ። ገንዘብ አጥሮኛል ብሎ ሠራተኛ የሚቀንስ ክለብ በዚያው ወር ነገ ካሳ ሆኖ የሚመጣበትን ውል ፈረመ ማለት ነው። ሌላም አለ። ክለቡ ዳን አሽዎርዝን ከኒውካስል አስመጥቶ ከጁላይ 1 ጀምሮ የስፖርት ዳይሬክተር አድርጎት ነበር፤ በዲሴምበር፣ በአምስት ወሩ፣ ሲለያዩ 4.1 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ።

በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ እስከ 200 የሚደርሱ ተጨማሪ ሠራተኞች እንደሚቀነሱ ተገለጸ። ኦልድ ትራፎርድ ለሠራተኞች ይሰጥ የነበረው ነጻ ምሳ ቀርቶ ፍራፍሬ እንደሚተካው የተሰማው ያኔ ነው። የቀድሞው አሰልጣኝ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በክለቡ አምባሳደርነት በዓመት ያገኙት የነበረው 2.16 ሚሊዮን ፓውንድ ቀደም ብሎ ተቋርጦ ነበር። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ቴን ሃግንና ረዳቶቹን ለመሸኘት የወጣው ገንዘብ የፈርጉሰንን ክፍያ ለአምስት ዓመት ገደማ ይሸፍን ነበር። ባለድርሻው ጂም ራትክሊፍ በማርች 2025 ለቢቢሲ እንደተናገሩት ቅነሳው ባይደረግ ኖሮ ክለቡ በዓመቱ መጨረሻ ጥሬ ገንዘብ ያልቅበት ነበር። ምክንያት አልነበራቸውም አይባልም፤ ክለቡ በ2023/24 ብቻ 113.2 ሚሊዮን ፓውንድ ከስሯል፣ የግሌዘር ቤተሰብ በ2005 ሲገዛው የጫነበት ዕዳም እስካሁን ወለድ ይበላል። ቢሆንም የምሳ ሰሃን የሚቆጥር ክለብ አሰልጣኝ ላይ ሲደርስ እጁ የሚፈታበት ምክንያት ለእኔ ግልጽ ሆኖልኝ አያውቅም።

ሆኖም ይህ ሁሉ ተደምሮ ዩናይትድን የሚያክል ክለብ አይጥልም። በ2024/25 ገቢው 666.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፣ በታሪኩ ከፍተኛው። አሥር ሚሊዮን ከዚህ ውስጥ ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም። ሠራተኛውን ያናድዳል፣ ጋዜጣ ይሞላል፣ ክለብ ግን አያፈርስም።

አንቶኒ በመዝገብ ላይ

ክለብ የሚጎዳበትን ቦታ ለማየት የሒሳብ ሠራተኞች አሞርታይዜሽን የሚሉትን ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ክለብ አንድ ተጫዋች በ95 ሚሊዮን ዩሮ ሲገዛ በዚያ ዓመት መዝገቡ ላይ 95 ሚሊዮን ወጪ ብሎ አይጽፍም። ዋጋውን በውሉ ዓመታት ያካፍለዋል።

ብራዚላዊውን አንቶኒን እንውሰድ። ቴን ሃግ አያክስ ያሰለጠነው የመስመር አጥቂ ነው፤ ዩናይትድ በ2022 ክረምት በ95 ሚሊዮን ዩሮ፣ ከተጨማሪ ክፍያው ውጪ፣ በአምስት ዓመት ውል አመጣው። በግርድፉ ስናሰላው በየዓመቱ 19 ሚሊዮን ዩሮ ወጪ ይመዘገባል። ሦስት ዓመት ሲያልፍ 57 ሚሊዮኑ ተመዝግቦ አልቋል፣ 38 ሚሊዮን ቀርቷል። በሴፕቴምበር 2025 መጀመሪያ ሪያል ቤቲስ ሲወስደው የተስማሙበት ዋጋ 22 ሚሊዮን ዩሮና ሦስት ሚሊዮን ገደማ ተጨማሪ ክፍያ ነበር። መዝገቡ ላይ ገና 38 ሚሊዮን የሚያወጣን ተጫዋች በ22 መሸጥ በአንድ ፊርማ 16 ሚሊዮን ዩሮ ኪሳራ መጻፍ ነው። ደመወዙ ሳይቆጠር።

አንቶኒ የዚያ አሰልጣኝ ምርጫ ነበር። አሰልጣኙ ሲሄድ ካሳውን ወስዶ ሄደ፤ ተጫዋቹ ግን ከነዋጋው ቀረ። አዲሱ ሰው በመጣ ቀን የክለቡ ንብረት በሙሉ እንደ አዲስ ይተመናል። እሱ «አያስፈልገኝም» ያለው ተጫዋች ዋጋ በዚያው ሳምንት ይወርዳል፤ ገዢዎች ጋዜጣ ያነባሉና።

አካዳሚ ያደገ ተጫዋች ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የተገዛበት ዋጋ ስለሌለ መዝገብ ላይ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ የተሸጠበት ሁሉ ትርፍ ተብሎ ይጻፋል። ዩናይትድ በኦገስት 2024 ስኮት ማክቶሚናይን ለናፖሊ በ25 ሚሊዮን ፓውንድ አካባቢ ሲሸጥ ሒሳብ ክፍሉ ሳይደሰት አልቀረም። ማክቶሚናይ በመጀመሪያ ዓመቱ ከናፖሊ ጋር የጣሊያንን ዋንጫ አንስቶ የሴሪ ኣው ምርጥ ተጫዋች ተባለ። የሒሳብ ሕጉ ክለቦችን ውድ ስህተታቸውን አቅፈው ርካሽ ልጃቸውን እንዲሸጡ ይገፋፋቸዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው፣ ልዩነቱ እዚህ የብብቷን ስትጥል ኦዲተሩ ያጨበጭብላታል።

አንድ ሰው፣ ሁለት መዝገብ

አሁን ወደ አሞሪም እንመለስ። አሰላለፉ 3-4-3 ነው። ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሮጡ ሁለት የመስመር ተመላላሾች ይፈልጋል፤ ፊት ላይ ደግሞ ከአጥቂው ኋላ ወደ መሀል ተጠግተው የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች። መስመር ላይ ተጣብቆ ተከላካይ የሚያታልል ክላሲክ የክንፍ ተጫዋች በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቤት የለውም።

ስፖርቲንግ ለዚህ የተመቸ ነበር። አካዳሚው ውስጥ ኑኖ ሜንዴስ የሚባል ገና አሥራዎቹን ያልጨረሰ ግራ መስመር ተጫዋች አለ። ቀኝ መስመር ላይ ፔድሮ ፖሮ ከማንቸስተር ሲቲ በውሰት መጣ። ክለቡ ድሃ ስለነበር የተከበሩና የተደላደሉ ኮከቦች አልነበሩትም፤ አሰልጣኙ ያፈናቀለው ውድ ሰው የለም። በመጀመሪያው ሙሉ የውድድር ዓመቱ፣ 2020/21፣ ስፖርቲንግ 19 ዓመት የጠበቀውን የሊግ ዋንጫ አነሳ። ከዚያ ሽያጩ ተከተለ። ሜንዴስ ወደ ፓሪስ ሴንት ዠርማ በ40 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ፣ ማቴዎስ ኑኔስ ወደ ዎልቭስ በ45፣ ማኑኤል ኡጋርቴ ወደ ፓሪስ በ60፣ ፖሮ ወደ ቶተንሃም። ከኮቨንትሪ የመጣው ቪክቶር ዮኬሬሽ ጎል በጎል ላይ ደርቦ በመጨረሻ አርሰናል ወሰደው። አሰልጣኙ የተገዛበት 10 ሚሊዮን ዩሮ ከእነዚህ ዝውውሮች አጠገብ ሲቀመጥ የኪስ ገንዘብ ይመስላል። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፤ እነዚህ ተጫዋቾች የተወደዱት በጥሩ ቡድን ውስጥ ስለተጫወቱ ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱ እነሱ የሚችሉትን እንዲያሳዩ ስለፈቀደላቸው ነው።

ኦልድ ትራፎርድ ላይ የጠበቀው ተቃራኒው ነው። ክለቡ ለዓመታት የሰበሰበው የመስመር አጥቂዎችን ነበር፤ ማርከስ ራሽፎርድ፣ አሌሃንድሮ ጋርናቾ፣ አንቶኒ። ንጹህ ተመላላሽ የሚባል ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። በጃንዋሪው መስኮት ማብቂያ ፓትሪክ ዶርጉ ከሌቼ በ30 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ መጣ። ራሽፎርድ መጀመሪያ ወደ አስቶን ቪላ፣ ቀጥሎ ወደ ባርሴሎና በውሰት ሄደ። ጋርናቾ በኦገስት 2025 ለቼልሲ በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። አንቶኒን አይተናል። በዚያው ክረምት ፊት ለፊቱን እንደ አዲስ ለመሥራት ማቴዎስ ኩኛ በ62.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ብራያን ምቡሞ በ65 ሚሊዮን መነሻ ዋጋ፣ ቤንጃሚን ሴስኮ በ76.5 ሚሊዮን ዩሮ መነሻ ዋጋ መጡ።

ተጫዋቾቹ መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ምቡሞን የሚጠላ አሰልጣኝ የት ይገኛል? ቁም ነገሩ የዚያ ክረምት ግዢና ሽያጭ የተካሄደው ቡድኑ በ2024/25 በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ መሆኑ ነው። በሜይ 21 ቀን 2025 ቢልባኦ ላይ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ በቶተንሃም 1ለ0 ተሸነፈና ለሚቀጥለው ዓመት ከአውሮፓ ውድድር ሁሉ ውጪ ሆነ። የሻምፒዮንስ ሊግ ገቢ የለም። በአዲሱ የአዲዳስ የማሊያ ውል መሠረት ደግሞ ቡድኑ ሻምፒዮንስ ሊግ ላይ ባልተሳተፈ ቁጥር 10 ሚሊዮን ፓውንድ ይቀነሳል። እንግዲህ ይህ ገንዘብ፣ ከነቴሌቪዥኑና ከነትኬቱ፣ የአሰልጣኙ ዋጋ አካል ነው ወይስ አይደለም? የማንም ውል ላይ አልተጻፈም። እኔ ግን ነው እላለሁ።

ለአሞሪም ፍትሃዊ ለመሆን፣ እሱ ማንነቱን ደብቆ አልመጣም። በሦስት ተከላካይ እንደሚጫወት ለሊዝበን ሕፃን ሁሉ የታወቀ ነበር። የቀጠሩት ሰዎች ያውቃሉ። አውቀውም የውድድር ዓመቱ ተጀምሮ፣ የዝውውር መስኮት ተዘግቶ፣ ልምምድ ለማድረግ እንኳ በቂ ቀን በሌለበት ኖቬምበር ላይ አመጡት። ጥያቄው መነሳት የነበረበት እነሱ ዘንድ ነው።

«ማናጀር» እና «ኮች»

በአማርኛ ሁለቱንም አሰልጣኝ ስለምንል አንድ ትልቅ ጠብ ያመልጠናል። እንግሊዞቹ ማናጀር የሚሉት ሰው ማን ይገዛ፣ ማን ይሸጥ የሚለው ላይ ድምፅ ያለው የክለቡ የእግር ኳስ አለቃ ነው፤ ፈርጉሰንን ያስቧል። ኮች ወይም ሄድ ኮች ደግሞ የተሰጠውን ቡድን ያሰለጥናል፤ ግዢው የሌሎች ነው። አሞሪም በጃንዋሪ 2026 ከሊድስ ጋር 1ለ1 ከተለያዩ በኋላ የመጣሁት ማናጀር ልሆን እንጂ ኮች ልሆን አይደለም የሚል ነገር ተናገረ። በማግሥቱ፣ ጃንዋሪ 5፣ ተሰናበተ። ውሉ እስከ 2027 ነበር።

ይህ የስም ጠብ ብቻ አይደለም፤ የሒሳብ ጠብ ነው። ዛሬ ብዙ ክለቦች የስፖርት ዳይሬክተር የሚሾሙት አሰልጣኝ በተቀየረ ቁጥር ቡድኑ እንዳይፈርስ ነው። ብራይተን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በሴፕቴምበር 2022 ቼልሲ ግራሃም ፖተርን ከነረዳቶቹ ከ20 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፍሎ ሲወስድ ብራይተን ሮቤርቶ ዴ ዘርቢን አመጣ፣ ከዚያ ፋቢያን ኹርዘለርን። ተጫዋች መመልመሉ፣ ማሳደጉ፣ በውድ መሸጡ አልተቋረጠም። አሰልጣኙ ተከራይ ነው፤ ቤቱን አፍርሶ በራሱ ፕላን እንዲሠራ አይፈቀድለትም። ቼልሲ በበኩሉ ያን ያህል የከፈለበትን ፖተርን በኤፕሪል 2023 አሰናበተው።

ዩናይትድ ወረቀት ላይ የብራይተንን መንገድ ይዣለሁ ይላል። በተግባር ግን አሽዎርዝን በአምስት ወሩ ሸኘ፣ ጠንካራ የራሱ ሥርዓት ያለውን አሰልጣኝ ቀጠረ፣ ከዚያ ሥርዓቱ አልተመቸንም አለ። ሁለት መንገድ እኩል መሄድ ስለማይቻል ለሁለቱም ከፈለ።

ሕጉ እየጠበበ ነው

እንደዚህ ዓይነቱ ስህተት ቀድሞ በባለሀብት ቼክ ይሸፈን ነበር። አሁን ቀላል አይደለም። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሕግ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር አይፈቀድለትም፤ ለአካዳሚ፣ ለሴቶች ቡድንና ለመሰል ነገሮች የወጣው አይቆጠርም። ኤቨርተን በኖቬምበር 2023 አሥር ነጥብ ተቀነሰበት፣ በይግባኝ ወደ ስድስት ዝቅ አለለት፣ በኤፕሪል ደግሞ ሁለት ተጨመረበት። ኖቲንግሃም ፎረስት አራት ተቀነሰበት። ነጥብ የሚቀነሰው ደግሞ የገዙት ዳይሬክተሮች ላይ ሳይሆን ወንበሩ ላይ በተቀመጠው አሰልጣኝ ሰንጠረዥ ላይ ነው፤ የኤቨርተኑ አሰልጣኝ ሾን ዳይሽ በሌሎች ዕዳ ከወራጅ ቀጠና ሲታገል የከረመው ለዚህ ነው።

ከ2026/27 ጀምሮ በዚህ ሕግ ፈንታ ሌላ ይመጣል። የክለቡ ወጪ ለቡድኑ፣ ማለትም የተጫዋቾችና የዋና አሰልጣኙ ደመወዝ፣ የዝውውር ዋጋው ዓመታዊ ድርሻና የወኪሎች ክፍያ ተደምሮ፣ ከገቢው 85 በመቶ እንዳይበልጥ ይደረጋል። አውሮፓ ላይ የሚጫወቱት ከ2025/26 ወዲህ በዩኤፋ 70 በመቶ ጣሪያ ሥር ናቸው። አሰልጣኙ እዚህ ስሌት ውስጥ ሁለት ጊዜ መግባቱን ልብ ይሏል። ደመወዙ ከላይ ወጪውን ያሳድጋል፤ ውጤቱ ካላማረ ደግሞ ከታች ገቢውን ያሳንሳል። የተከፈለውን ዋጋ በስምንት ዓመት ከመንፈቅ ውል ማቅጠን ይቻል ነበር፤ ቼልሲ በኤንዞ ፈርናንዴዝና በሚካይሎ ሙድሪክ ሞክሮታል። ዩኤፋና ፕሪሚየር ሊጉ በ2023 ለስሌቱ ከአምስት ዓመት በላይ አይቆጠርም ብለው በሩን ዘጉት።

እውነቱን የተናገረው ተባረረ

ባርሴሎና ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ላሊጋ ለእያንዳንዱ ክለብ በገቢው ልክ የቡድን ወጪ ጣሪያ ያወጣል። በፌብሩዋሪ 2024 የባርሴሎና ጣሪያ 204 ሚሊዮን ዩሮ ሲሆን የሪያል ማድሪድ 727 ሚሊዮን ነበር። በሜይ የባርሴሎናው አሰልጣኝ ዣቪ ኸርናንዴዝ ከአልሜሪያው ጨዋታ በፊት ለጋዜጠኞች የክለቡ የገንዘብ ሁኔታ ከባድ መሆኑን፣ ከማድሪድና ከሌሎች ኃያላን ጋር መወዳደር አስቸጋሪ እንደሆነ፣ ደጋፊውም ይህን ሊረዳ እንደሚገባ ተናገረ። ከላይ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ያየ ሰው የተሳሳተ ነገር ተናገረ ሊል አይችልም። ይሁንና ፕሬዚዳንቱ ሁዋን ላፖርታ ከወር በፊት ቆይ ብለው የለመኑትን ሰው ሜይ 24 ላይ አሰናበቱት። ከአምስት ቀን በኋላ ሃንሲ ፍሊክ ተሾመ።

በዚያ ክረምት ለፍሊክ ዋና ቡድን በገንዘብ የተገዙት ዳኒ ኦልሞና ብዙም ያላወጣው ፓው ቪክቶር ብቻ ናቸው። ኦልሞ ከላይፕዚግ በ55 ሚሊዮን ዩሮ መነሻ ዋጋ ቢመጣም የመጀመሪያዎቹን ሁለት የሊግ ጨዋታዎች ከሜዳ ውጪ ሆኖ ነው ያያቸው፤ ጣሪያው ስለሞላ መመዝገብ አልተቻለም። በኋላ መመዝገብ የቻለው የቡድን ጓደኛው አንድሪያስ ክሪስተንሰን ለረጅም ጊዜ በመጎዳቱ ነው። የላሊጋ ሕግ ለወራት ከሜዳ የሚርቅ ተጫዋች ደመወዝን እስከ 80 በመቶ ለሌላ መጠቀም ይፈቅዳል። አስቡት፣ የአንዱ ጅማት ባይጎዳ የሌላው ማሊያ አይለበስም። ኦገስት 27 ኦልሞ ራዮ ቫዬካኖ ሜዳ ላይ ተቀይሮ ገብቶ የማሸነፊያዋን ጎል አስቆጠረ። በዚያው ምሽት የ17 ዓመቱ ማርክ በርናል ጉልበቱን ተጎድቶ ለዓመት ያህል ከሜዳ ተለየ። የኦልሞ ምዝገባ ደግሞ እስከ ዲሴምበር 31 ብቻ ነበር። ጃንዋሪ ላይ ላሊጋና ፌዴሬሽኑ አይሆንም አሉ፤ ጃንዋሪ 8 የስፔን መንግሥት የስፖርት ምክር ቤት ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጠ። ፍሊክ በዚያ ሰሞን በሁኔታው ደስተኛ እንዳልሆነ አልደበቀም። ከዚያ በላይ ግን አልሄደም፤ የዣቪን ዕጣ ሳያስታውስ አይቀርም።

ፍሊክ ላይ የሚገርመኝ ያለውን ቡድን የተጠቀመበት መንገድ ነው። የመከላከያ መስመሩን መሀል ሜዳ ድረስ ወሰደው። ይህንን አደገኛ ጨዋታ የሚመሩለት አካዳሚ ያደገው የ17 ዓመቱ ፓው ኩባርሲና ከአትሌቲክ ቢልባኦ በነጻ የመጣው የ33 ዓመቱ ኢኒጎ ማርቲኔዝ ናቸው። በኦክቶበር 2024 በሪያል ማድሪድ ሜዳ በርናቤው ላይ 4ለ0 ሲያሸንፉ ማድሪድ 12 ጊዜ ከጨዋታ ውጪ ተያዘ፤ ስምንቱ ኪሊያን ምባፔ ብቻውን ነው። ለዝውውር ምንም ያልተከፈለበት ጥንድ ያን ሁሉ ኮከብ አስቆመ። ክረምቱን ሙሉ ሊሸጥ ነው ሲባል የከረመው ራፊኛ በዚያ ዓመት 34 ጎል አስቆጠረ። ባርሴሎና ላሊጋውን፣ ኮፓ ዴል ሬይንና ሱፐር ካፑን ወሰደ።

ይህ የክለቡን ዕዳ አልከፈለም። በጁላይ 2025 ዩኤፋ 15 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል፣ የካምፕ ኑ እድሳት 1.45 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ተወስዶበታል፣ ከ2022 ጀምሮ የላሊጋ ቴሌቪዥን ገቢው ሩብ ለ25 ዓመት ለኢንቨስተር ተሽጧል። አሰልጣኝ እንዲህ ያለውን አያድንም። ማድረግ የሚችለው እንዳይባባስ መጠበቅና ያሉትን ተጫዋቾች ዋጋ ማሳደግ ነው፤ ፍሊክ ሁለቱንም አድርጓል።

ለዚህ ነው አዲስ አሰልጣኝ ሲተዋወቅ «ማንን ትገዛለህ?» የሚለው ጥያቄ የሚያሰለቸኝ። የሚጠቅመው ከዋናው ቡድን 25 ሰዎች ስንቱን እንዳለ ሊጠቀም እንደሚችል መጠየቅ ነው። አሞሪም በ2024 ለዚህ ቢመልስ ኖሮ ብዙ ነገር ያኔ ይታይ ነበር።

ከእሱ በኋላ ዩናይትድ ማይክል ካሪክን እስከ ውድድር ዓመቱ መጨረሻ ሾመ። ካሪክ ጃንዋሪ 17 ሲቲን 2ለ0 ባሸነፈበት የመጀመሪያ ጨዋታው ወደ አራት ተከላካይ ተመለሰ፤ መሀል ሜዳ ላይ ደግሞ ኮቢ ማይኖን አሰለፈ። ከላይ ያነሳነውን የ2024 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ያሸነፉት ሁለት ጎሎች የጋርናቾና የማይኖ ነበሩ። ጋርናቾ ተሽጧል። ማይኖ ደግሞ በ2025/26 የውድድር ዓመት በአሞሪም ሥር አንድም የሊግ ጨዋታ ከመጀመሪያው ደቂቃ አልጀመረም፤ በክረምቱ በውሰት ልሂድ ብሎ ተከልክሎ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። የአካዳሚ ልጅ ስለሆነ መዝገብ ላይ ያለው ዋጋ ዜሮ ነው።